የዘሃራን ጄል ለመጣል አሶሳ ድረስ

ሐሙስ

ከአሶሳ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው አገሩ?» ይለኛል። ሞቃት ነው፣ ማንጎው መንገድ ላይ ወድቆ ይረገጣል፣ ሰዉ ደግ ነው እላለሁ። ሦስቱም እውነት ነው። ለምን እንደሄድኩ ግን ለማንም በቅጡ አልተናገርኩም። የሄድኩት አንዲት የክፍል ጓደኛዬ የሠራችው ነገር እንደማይሠራ በዓይኔ አይቼ፣ ደስ ብሎኝ ለመመለስ ነው።

ዘሃራ ትባላለች። አዲስ አበባ ፋርማሲ አብረን ተምረን ስንጨርስ እኔ እዚያው ቀረሁ፣ እሷ ወደ ትውልድ አገሯ ተመለሰች። «እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ ባክና ቀረች» ብለን አዘንላት። ያን ጊዜ ለእሷ ማዘን ቀላል ነበር። ከዓመታት በኋላ ሳንመካከር ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነገር ስንሠራ ተገናኘን፤ መድኃኒትን ውስጡ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ጄል።

ነገሩን ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር ውሃው ወፍሮ ይዝለገለጋል። እኛም ውሃን የምናወፍርበት ነገር እንሠራለን፤ ልዩነቱ የእኛ ሞለኪውሎች እጅግ ትናንሽ መሆናቸው ነው። ውሃ ውስጥ አሙቀን እናሟሟቸዋለን። ሲቀዘቅዙ በራሳቸው ጊዜ እየተጠጋጉ ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ በዓይን የማይታይ ቀጭን ክር ይሆናል፤ ክሩ እርስ በርሱ ይወሳሰብና ውሃውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። መድኃኒት አብረን ከጨመርንበት እዚያው ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጄል ቁስል ላይ ሲቀባ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መድኃኒት እየለቀቀ ሳምንት እንዲቆይ ነው የሚፈለገው። ቁስሉን ለማሳጠብ በየቀኑ ጤና ጣቢያ መመላለስ ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ ከአሶሳ ርቆ ኩርሙክ ጠረፍ ላይ ለሚኖር ገበሬ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መያዙ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አለቃቀቁ ነው። የእኔ ጄል በየዓመቱ ባሳምረው ባሽሞነሙነው መድኃኒቱን በአንድ ቀን ዘርግፎ ባዶውን ይቀመጣል። የዘሃራ ይቆያል ተባለ። ሁለታችንም ያለንበትን ፕሮጀክት የሚመሩት ፕሮፌሰር በእንስሳት ወደሚደረገው ሙከራ የሚያልፈው አንድ ጄል ብቻ መሆኑን ከነገሩን ቆይተዋል። አንድ ቀን ጠርተውኝ «አሶሳ ሂድና በዓይንህ እየው። ይሠራል ካልክ የእሷ ያልፋል፤ አይሠራም ካልክ በአንተ እንቀጥላለን» አሉኝ። ተወዳዳሪን ዳኛ አድርጎ መላክ ምን የሚሉት ነገር ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ሳይለወጥባቸው ብዬ ወዲያው ቲኬት ቆረጥኩ። የራሴንም ጄል ለማወዳደሪያ ሻንጣዬ ውስጥ ሸከፍኩት።

አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለር ትንሽ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ በጃኬት ተሳፍሬ አሶሳ ስወርድ ጃኬቱ ሸክም ሆነብኝ። ግንቦት ነው፤ እኛ ጋ ጠዋትና ማታ ሰው ሹራብ ይደርባል፣ እዚያ ከዝናቡ በፊት ያለው ሙቀት ከአስፋልቱ ይነሳል። ዘሃራ ራሷ ልትቀበለኝ መጥታለች። ወፈር ብላለች፣ አምሮባታል፤ ይህም አልተዋጠልኝም። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቃ ባጃጅ ውስጥ ከተተችው።

«ሆቴል ይዣለሁ» አልኳት።

«ስረዘው። እማ ከትናንት ጀምሮ ቤት ስትጠርግ ነው የዋለችው።»

የምጥለውን ሰው እህል መብላት አልፈለግኩም ነበር። ግን ከዘሃራ እናት ከእማማ ሐዋ ጋር ክርክር አይቻልም። በቀርከሃ የታጠረው ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አማርኛ በልጅነታቸው የተማሩት ቋንቋ አይደለም፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ይጠሩታል።

«አንተ ነህ? አልሐምዱሊላህ! ዘሃራ ሁልጊዜ ስለ አንተ ይናገራል። በጣም ጎበዝ ነው ይላል።»

ስለ እኔ ጎበዝ ነው ትላለች! እኔ ስለ እሷ ለሰው የምናገረውን አስታውሼ ጆሮዬ ጋለ። ራት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ነበር። የእኛ ቤት ገንፎ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ እዚህ ባሚያው እየተዝለገለገ ከላይ ይለበጣል፣ በእጅ ይጠቀለላል። የባሚያውን ክር መቁረጥ አልቻልኩበትም፤ ከሳህኑ እስከ ሸሚዜ ተዘረጋ። እማማ ሐዋ እየሳቁ በጨርቅ ጠረጉልኝና ሌላ ጨመሩልኝ። በጣም ይጣፍጣል። መጣፈጡም አናደደኝ።

ዓርብ

ዘሃራ የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ አንድ ክፍል ነው። እኛ ጋ ዕቃ ማስቀመጫ የምናደርገው ዓይነት ክፍል ውስጥ የእሷ ሥራ ሁሉ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ሳየው ቀለል አለኝ፤ ከዚህ ቤት ምን ሊወጣ ይችላል አልኩ በሆዴ። ቴክኒሻኑ ይማም ይባላል፤ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው። አንድ ብልቃጥ አቀበለኝ።

ጄል ሠሪ ብልቃጥ ሲሰጡት ሰላምታ እንደሚመልስ ሰው ሳያስብ ይገለብጠዋል። ከፈሰሰ ጄል አይደለም። ገለበጥኩት፤ ጠብ አላለም። ይፈስ እንደሆነ ብዬ ሌላ ነገር የምመለከት መስዬ ገልብጬ ያዝኩት። እጄ ደከመ እንጂ ጄሉ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ዘሃራ ምን እንዳደረገች ነገረችኝ። ሞለኪውሏ አንድ ትርፍ ጫፍ አለው፤ ያ ጫፍ መድኃኒቱን ይጨብጣል። በእኔ ጄል መድኃኒቱ በክሮቹ መሐል ባለው ውሃ ውስጥ እንዲሁ ይቆማል፤ አውቶቡስ ውስጥ መተላለፊያው ላይ እንደቆመ ተሳፋሪ በሩ ሲከፈት ግር ብሎ ይወርዳል። በእሷ ጄል እያንዳንዱ ተሳፋሪ የተቀመጠ ዘመድ እጁን ይዞታል። የቁስል ፈሳሽ ከጤነኛ ቆዳ ይልቅ አሲድነቱ ያነሰ ነው፤ ያ ፈሳሽ ሲደርስበት ነው እጁ የሚላላው። መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ቁስሉ ራሱ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ለኔም መጥቶልኝ ነበር ብዬ ራሴን ልዋሽ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ቢመጣልኝ ኖሮ በዚያ ሁሉ ማሽን መሐል ተቀምጬ ምን እጠብቅ ነበር? ፊቴ ግን ፈገግ እንዳለ ነው።

«አንድ የቸገረኝ ነገር አለ» አለችኝና የመድኃኒቱን አለቃቀቅ የሚያሳየውን ግራፍ አሳየችኝ። መስመሩ ለሦስት ቀን በእርጋታ ወደ ላይ ይሄድና ግማሽ ላይ ሲደርስ ይተኛል። «ቀሪው ግማሽ አልወጣ ብሎኛል። ጄሉ ውስጥ ተቀርቅሮ የሚቀር ይመስለኛል። የሚጥለኝ ቢኖር እሱ ነው።»

እንዴት አድርጌ ያዘንኩላት መሰልኩ! በዚያው ቅጽበት ይማም ከጄሉ በላይ ካለው ውሃ ጥቂት ቀዳ፣ በባትሪ የሚሠራው መለኪያ ማሽን ውስጥ አስገብቶ አነበበ፣ የቀዳውንም መልሶ እዚያው ዕቃ ውስጥ አፈሰሰው።

«ምን አደረግክ?» አልኩት።

«ውሃ እኮ የለም ዶክተር። መብራት ከጠፋ ሰነበተ፤ ማጣሪያው ያለ መብራት አይሠራም። ቢኖርም ቆጥበን ነው። እዚህ ቤት የተጣራ ውሃ አይደፋም።»

እኛ ጋ በየንባቡ የላዩን ውሃ ቀይረን አሮጌውን ቧንቧ ውስጥ እንደፋለን። መለወጡ ለቅንጦት አይደለም። የላዩ ውሃ ካልተለወጠ መድኃኒቱ ይጠራቀምበትና ሌላ መቀበል ያቅተዋል፤ መለቀቁም ይቆማል። የዘሃራ ጄል «ቆየ» የተባለው ጄሉ ስለያዘ ሳይሆን ውሃው ስለጠገበ ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በንጹህ ውሃ ቢሞከር እንደ እኔው ዘርግፎት ያርፍ ይሆናል። አገኘኋት አልኩ!

ወዲያው አልተናገርኩም። አስቀመጥኩት፣ አጣጣምኩት። ዓርብ ስለሆነ የጁምዓ ሰላት እስኪያልቅ ከተማው ጸጥ ይላል፤ አዲስ አበባ የምሳ ሰዓት የምንለው ሩጫ እዚህ የለም። ከሰላት በኋላ የዘሃራ ባልደረቦች በሙሉ ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ ሻይ እየጠጡ ተሰበሰቡ። እዚያ መሐል፣ ሁሉም እየሰማ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ለብቻዋ ልነግራት እችል ነበር። አልፈለግኩም።

አንዱ ብርጭቆውን አየ፤ ይማም መሬቱን አየ። ዘሃራ ግንባሯን በእጇ ያዘች።

«እውነትህን ነው» አለች። «እንዴት አላየሁትም? በል እንሞክረዋ!»

መቆጣት ነበረባት። ማልቀስም ቢሆን አልጠላም ነበር። «እንሞክረዋ» ትለኛለች።

ቅዳሜ

ሙከራው በየንባቡ ንጹህ ውሃ ይፈልጋል፤ አሶሳ ደግሞ መብራት አልመጣም። ዘሃራ ስልክ ስትደውል አድራ ጎረቤት ከተማ ባምባሲ መብራት እንዳለ፣ እዚያ የሕክምና ላቦራቶሪ የምትመራ ወዳጇ የፈለግነውን ያህል አጣርታ እንደምትሰጠን ሰማች። እሷ የቅዳሜ ተማሪዎች ነበሯት። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ሁሉም አመሰገኑኝ። እኔ ግን የፈለግኩት ውሃውን ማንም እንዳይነካካብኝ ነው፤ ማስረጃዬ ነዋ።

ጎረቤቱ ሁሉ ጄሪካን ይዞ መጣ። አዲስ አበባ የጎረቤቴን ስም ሳላውቅ ዓመታት ኖሬያለሁ፤ እዚህ «ለዘሃራ ሥራ ነው» መባሉ በቂ ነው። እማማ ሐዋ ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ ሲያጥቡ ረፈደ። እኔም በባምባሲው ውሃ ደጋግሜ እንደማለቀልቃቸው ለራሴ ነገርኩ። ለመንገዴ ማንጎ በፌስታል ጨመሩልኝ፤ ማንጎው ለሚኒባሱ ሰው በሙሉ ይበቃል።

መንገዱ አስፋልት ነው። ግራና ቀኙ አረንጓዴ ሆኖ አልፎ አልፎ ቀርከሃ ይታያል። ባምባሲ ስደርስ ሰላምታው ተቀየረ፤ «አከም» ይባባላሉ፣ አማርኛውና ኦሮምኛው ተደባልቆ ይሄዳል። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ የወለጋ ልጅ ነች። ውሃው እስኪጣራ ቤቷ ወስዳ አበላችኝ፤ ከምሳ በፊት አንገቷን ደፍታ ስትጸልይ የእኔንም ጉዞና «የዘሃራን መልካም ሥራ» አስገባችበት። አሜን ያልኩት በከንፈሬ ብቻ ነው።

ስመለስ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማውን ሲፈታ ተሳፋሪው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። እኔ ጄሪካኖቼን ተጠግቼ ቆሜያለሁ። አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ የበርታ ሽማግሌ በከዘራ ወደ እኔ መጡ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ሰላት ደረሰ። ለውዱእ ትንሽ ውሃ ስጠኝ።»

«አባባ፣ ይሄ የመጠጥ ውሃ አይደለም። የላቦራቶሪ ነው።»

«መጠጣት አይደለም። መታጠብ ነው። ቆሻሻ ነው?»

«ኧረ አይደለም። እንዲያውም በጣም ንጹህ ነው።»

«እንግዲያ ጥሩ ነው!» አሉና እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ሾፌሩ ከጎማው ሥር ቀና ብሎ «ዶክተር፣ ምን ነካህ? ለሰላት ውሃ ይከለከላል እንዴ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ክርስቲያኑም ጭምር። ይህ ውሃ እየተንጠባጠበ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ በሱ ምክንያት አንድ ሰው ወደፊት እንደሚያልፍና አንድ ሰው እንደሚወድቅ ለማን ላስረዳ? አንዱን ጄሪካን ከፈትኩ። ሽማግሌው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ተከትለዋቸው መጡ። ጄሪካኑ ባዶ ሆነ። እኔ ራሴ ነኝ ጎንበስ ብዬ ያፈሰስኩላቸው።

ሰግደው ሲጨርሱ መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ። «አላህ የልብህን ይስጥህ» አሉኝ።

የልቤ ምን እንደነበር ቢያውቁ! አሜን አልኩ ግን። በዚያ ሁሉ መንገድ ከልቤ ያልኩት አሜን እሱ ነበር። ውሃውን ባጣም ምርቃቱ ለእኔ ይሠራል ብዬ ደስ እያለኝ ተሳፈርኩ። ማንጎውንም ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

ማታ የእሷንና የእኔን ጄል ጎን ለጎን አስቀመጥን፤ እኩል መድኃኒት፣ እኩል ውሃ፣ የቁስል ፈሳሽ እንዲመስል ተለክቶ የተጨመረ ጨው። ቤት ስንገባ እማማ ሐዋ አቧራ የጠጣ ጫማዬን አዩ።

«አንተ ለዘሃራ ብዙ ደክመሃል። አንተ ወንድም ነህ» አሉኝ።

እሑድ

የእኔ ጄል እንደ ልማዱ ጠዋት ስንደርስ ያለውን ሁሉ ዘርግፎ ጨርሷል። ይማም ቁጥሩን መዝግቦ ብቻ አለፈ፤ ይህም ከስድብ ከበደኝ። የዘሃራ ጥቂት ብቻ ነው የለቀቀው። ገና ነው አልኩ። ውሃውን በእጄ ቀየርኩ፤ አሮጌውን ስደፋ ይማም ዓይኑን ጨፈነ።

የምመለስበት አውሮፕላን የዚያን ቀን ነበር። ደውዬ አራዘምኩት። «እንደዚህ ልትደክምልኝ?» አለችኝ ዘሃራ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣለ። የአዲስ አበባ ዝናብ ሲያካፋ ይውላል፤ የአሶሳው ግን አንድ ጊዜ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ማንጎውን አራግፎ፣ ፀሐይ አውጥቶ ይሄዳል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለነገው ንባብ ክፉ ክፉውን እመኝ ነበር። በቤቷ፣ እናቷ በሠሩት የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጬ።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ

ሰኞ ያው ነው፤ ከእሑዱ ጋር እኩል የሚባል መጠን ለቀቀ። ማክሰኞም ያው። መስመሩ የተማሪ ማስመሪያ ይዞ የተሰመረ ይመስላል። ይዘረግፈዋል ያልኩት ጄል ምንም አልዘረገፈም። ማታ ማታ እማማ ሐዋ ለእንግዳቸው አዲስ ነገር ይሠራሉ፣ የቀርከሃ ቀንበጥ ሳይቀር አበሉኝ፤ እኔ ግን ምን እንደምበላ አላስተዋልኩም።

አንድ ተስፋ ቀርቶኛል። በድሮው ሙከራዋ ግማሽ ላይ ቆሞ ነበር፤ አሁንም ግማሽ ላይ ቢቆም ግማሽ መድኃኒት የሚያባክን ጄል ብዬ እጥለዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት ያ ቀን ደረሰ። ዘሃራ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች፤ እኔና ይማም ከኋላዋ ቆምን። ቁጥሩ መጣ። ይማም እንደገና ቀድቶ አነበበ። ያው ነው።

ግማሽ ላይ አልቆመም። በዚያው እርምጃ አልፎታል።

የገባኝ ያኔ ነው። ተቀርቅሮ የሚቀር መድኃኒት አልነበረም። ቀሪው ግማሽ ያልወጣው ውሃው ጠግቦ ስለነበር ነው። ንጹህ ውሃ ሲያገኝ በራሱ ጊዜ፣ ቀን በቀን፣ ሳይቸኩል ይወጣል። እኔ ልጥላት ያነሳሁት ነገር የጄሏን ብቸኛ ጉድለት አጠፋላት። ውሃውን ያመጣሁት እኔ፣ የቀየርኩት እኔ፣ አውሮፕላን ያራዘምኩት እኔ!

ዘሃራ ተነስታ አቀፈችኝ። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ይማም «ዶክተር፣ ባይመጡልን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!» እያለ እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ነጠቅኩት። ወሬው ከክፍል ክፍል ሄዶ ያ ዓርብ ዕለት መሬት መሬት ያየ ባልደረባ ሁሉ እየመጣ ጨበጠኝ።

«የምርምር ጽሑፉ ላይ ስምህ ይገባል» አለችኝ ዘሃራ። «ያለ አንተ አይሆንም ነበር።»

ሰው ሲቀና የሚጠላው ሰው ሲያመሰግነው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቃል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቅናቴ አልበረደም፤ ይልቁንም ጨመረ። አሁን ጄሏ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲያ ማመስገን መቻሏም ላይ ቀናሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ግቢው ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሜ ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። አይሠራም ማለት እችል ነበር፤ ከእኔ ቃል ሌላ አልጠየቁም። ሌሊቱን አስቤዋለሁ፣ አልደብቅም። ጄሉ ያልቆመበትን ቁጥር ግን በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ካየሁ በኋላ ምላሴ እምቢ አለ።

«ይሠራል» አልኳቸው። «የእሷ ይለፍ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጥፋት ፈልጌ አጥቼ ነው።»

ሳቁ። «እንደዚያ ትላለህ ብላኝ ነበር» አሉ። «አንተን ላኩልኝ ያለችኝ እሷ እኮ ናት።»

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የወሰደችኝ በዚያው ባጃጅ ነው። እማማ ሐዋ የሞሉልኝ የማንጎ ካርቶን እግራችን ሥር አለ። ባጃጁ ጉድጓድ እየዘለለ ስለሚጮህ ጮክ ብዬ ጠየቅኳት።

«ለምን እኔን መረጥሽ?»

«ስለምትቀናብኝ» አለችኝ። እንዲሁ፣ ሰዓት እንደምትነግረኝ ያህል።

«ማን አለሽ?»

«ከተማሪነታችን ጀምሮ አውቅሃለሁ እኮ። ውጤት ሲለጠፍ ከራስህ በፊት የእኔን ነበር የምታየው። እዚህ ያሉት ሁሉ ይወዱኛል፣ ያየ ሁሉ አበጀሽ ብሎኝ ይሄዳል። ይማም የቀዳውን ውሃ መልሶ ሲያፈስ ስንት ሰው አይቶታል መሰለህ! ማንም ምንም አላለም። እንከን አለው ብሎ ከልቡ የሚፈልግ ሰው ነበር የምፈልገው።»

ተናደድኩ፣ አፈርኩ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም። አዲስ አበባ ያሉትን ወዳጆቼን አሰብኩ። ስንቱን ዓመት ያንን የሚዘረግፍ ጄሌን «ጎሽ፣ በርታ» ሲሉልኝ ኖረዋል። አንድም ቀን አንድ ሰው ቀንቶብኝ፣ ሻንጣውን ሸክፎ፣ ሥራዬን ሊጥል መጥቶ አያውቅም።

ማረፊያው በር ላይ ካርቶኑን አቀበለችኝ።

«የእኔንስ ማን ያይልኛል?» አልኳት። «አንቺ ትመጫለሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች።

«መጀመሪያ የሚያስቀና አድርገው።»

ከተመለስኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ላቦራቶሪ የምገባው በዚህ ንግግሯ እየተናደድኩ ነው።